አደይ ከረገፈች በኋላ፦ የኅዳርና የታኅሣሥ የጌጥ ዕፅዋት ከእንጦጦ እስከ ዓባይ በረሃ

«ደብረ ዘይት» ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ቢሾፍቱ ይነጉዳል። ሐይቆቹ፣ ሆቴሎቹ፣ በአጥር ላይ የተንዠረገገው ቦገንቪላ ዓይኑ ላይ ድቅን ይላል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን ግን ሌላ ደብረ ዘይት አለች፤ የወምበራ ወረዳ ዋና ከተማ። ከዓባይ በረሃ በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች ደጋና ቆላ በአጭር ርቀት የሚገናኙበት አገር ነው።

በእንዲህ ያለ አገር በመስከረም አበባ ፍለጋ መድከም የለም። መስኩ ራሱ ይመጣል። ኅዳር ሲጋመስ ግን አደይ አበባ ረግፋ፣ ሣሩ ነጣ ብሎ፣ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ከንፈር ያደርቃል። በከተማም እንዲሁ ነው። የመናፈሻ ሠራተኛው የደረቀውን አጭዶ፣ መሬቱን ጠርጎ፣ ከችግኝ ጣቢያ የመጣውን አበባ በጎማ እያጠጣ በጋውን ለመሻገር ይሰናዳል። «የአበባው ጊዜ አለፈ» ይባላል።

ይህ ዳሰሳ የሚያየው እነዚያን ሁለት ወሮች ነው፤ ኅዳርንና ታኅሣሥን። በዚህ ጊዜ በአገራችን መናፈሻዎች የሚያምሩት ወይም ሊያምሩ የሚችሉት ዕፅዋት የትኞቹ ናቸው? ከእንጦጦ ጀምረን ወደ አሶሳና ወደ ዓባይ በረሃ እየወረድን እንቃኛቸዋለን። በመንገዳችን አንድ ነገር ይገለጣል፤ በዚህ ወቅት ያለ ብዙ ውኃ የሚያጌጡት አብዛኞቹ ዕፅዋት የአገሬው ናቸው፣ መናፈሻዎቻችን ግን ገና በቅጡ አላስተዋሏቸውም።

ወቅቱ

በባሕረ ሐሳቡ አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ይከፈላል። መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ድረስ ይዘልቃል፤ ከዚያ በጋው ይገባል። ብዙ ሰው የአበባውን ወራት ጸደይ ይለዋል፤ በዚሁ አቆጣጠር ግን ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው። የአበባው ወራት መፀው፣ በገበሬው አነጋገር ጥቢ፣ ነው። ከመፀው ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት፣ እስከ ኅዳር 5 ድረስ ያሉት፣ ዘመነ ጽጌ ተብለው ማኅሌት ይቆምባቸዋል። ከኅዳር 6 ጀምሮ ያለው የመፀው ክፍል ግን በአበባ ስም አይጠራም። የእኛ ጉዳይ ያ የአበባ ስም ያላገኘው ጊዜ ነው።

በዚህ ጊዜ ከምድር በታች የሚሆነውን መረዳት ምርጫን ያቀላል። ዝናቡ ሲያቆም የሚደርቀው በመጀመሪያ የላይኛው አፈር ነው። ሥራቸው ጥልቀት የሌለው የአንድ ክረምት ዕፅዋት፣ አደይን ጨምሮ፣ ዘራቸውን ቋጥረው ይሞታሉ። ወደ ጥልቅ የወረደው የክረምት ውኃ ግን ገና አላለቀም። ሥሩን እዚያ ድረስ የሰደደ ዛፍና ቁጥቋጦ፣ ወይም ስንቁን በሥሩ፣ በግንዱና በቅጠሉ ያጠራቀመ ተክል፣ ሰማዩ በጠራበትና ንቡ በበዛበት በዚህ ወቅት ያብባል። የኅዳር ማር የሚቆረጠውም ንቦች ይህን ሁሉ አበባ ከቀሰሙ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ነገር የቀኑ ርዝመት ነው። አሶሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚያ የሰኔ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አካባቢ ሲሆን የታኅሣሥ አጭሩ ቀን 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። ሰው ልብ አይለውም፤ ይህችን አንድ ሰዓት ቆጥረው የሚያብቡ ተክሎች ግን አሉ። ወደ እነሱ እንመለሳለን።

ደጋው፦ እንጦጦና ጉለሌ

ካለፉት ዓመታት ታላላቅ መናፈሻዎች ሦስቱ የተመረቁት በአበባው ሰሞን ነበር። አንድነት ፓርክ በመስከረም 2012 ተከፈተ። ወዳጅነት ፓርክ በዚያው ዓመት ጳጉሜን ላይ፣ እንጦጦ ፓርክ ደግሞ በመስከረም 2013 ተከተሉ። ምርቃት በመስከረም ማማሩ አያስደንቅም። የመናፈሻ ፈተናው ከምርቃቱ ሁለት ወር በኋላ ይመጣል።

እንጦጦ ላይ ያንን ፈተና የሚያልፍ ዛፍ ኮሶ ነው። ኮሶ ወንዴና ሴቴው በየራሱ ዛፍ ላይ ነው። በመፀውና በበጋው ወራት የሚያብበው የሴቴዋ አበባ እንደ ወይን ዘለላ ወደ ታች ተንዠርግጎ ወደ ቀይ ያደላል፤ የወንዴው ገርጣ ያለ ነው። ስለዚህ ለጌጥ ብሎ አንድ ኮሶ ብቻ የሚተክል ሰው ዕድሉን እየሞከረ ነው፤ አምስት ስድስት አድርጎ በአንድነት የተከለ ግን ቀዩንም ገርጣውንም ያገኛል። አበባው ሳይኖርም የሚላላጠው ቀላ ያለ ቅርፊትና በግንዱ ጫፍ የሚሰበሰበው ላባ መሰል ቅጠል ዓይን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1769 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ለኮሶ የወዳጁን የጆሴፍ ባንክስን ስም ሰጥቶት ነበር፤ ሳይንሱ በኋላ ያጸደቀው ግን የጀርመናዊውን የሃገንን ስም ነው። ለእኛ ኮሶ የትል ማሻሪያና የመራራ ነገር ሁሉ ምሳሌ ነው። ጌጡን ያላየንለትም ምናልባት ምሬቱ አፋችን ላይ ስለቀረ ይሆናል።

ከኮሶ በታች፣ በቁጥቋጦው መካከል ኮሸሽሌ ትገኛለች። ቅጠሏ እሾሃም ስለሆነ ገበሬ አጥር ያደርጋታል፤ አበባዋ ግን ደማቅ ቀይ ነው። ይህች የምናወራላት ዝርያ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አትበቅልም። የቅርብ ዘመዶቿ አበባቸው ነጣ ወይም ሐምራዊ ያለና በንብ የሚራቡ ሲሆኑ፣ እሷ ቀይ ሆና ወፍ ትጠራለች። በጠዋት ፀሐይ አጠገቧ ጥቂት የቆመ ሰው ምንቃረ ቀጭኗ፣ ላባዋ የሚያብለጨልጨው ትንሽ ወፍ ከእሾሁ ላይ ተቀምጣ ማሩን ስትመጥ ያያል። እሾሁ ለመናፈሻ የማይመች ይመስላል፤ እውነቱ ግን ሰው እንዲረግጠው የማይፈለግን ሣር ወይም ተዳፋት ከሽቦ ይልቅ ኮሸሽሌ አምራ ትጠብቀዋለች።

ቀጋም የደጋ ልጅ ናት። ከሰሃራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የበቀለች ጽጌረዳ እሷ ብቻ ናት። ነጩ አበባዋ ሲረግፍ ፍሬዋ ይተካል፤ አረንጓዴው ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያም ወደ ቀይ ይሄዳል። እረኛ ይበላዋል፤ ወፍም ይሻማዋል። በአውሮፓ መናፈሻዎች የጽጌረዳ ፍሬ የመፀው ማብቂያ ዋና ጌጥ ነው፤ አትክልተኛው ፍሬው እንዲቀር ብሎ ያለቀውን አበባ ሳይቆርጥ ይተወዋል። እኛ ዘንድ ከውጭ የመጣችው ጽጌረዳ በየክቡ ስትኮተኮት ቀጋ ከአጥር ውጭ ቆማለች።

በእንጦጦ ሽቅብ አስታና አሜጃ አብረው ይገኛሉ። አሜጃ ቢጫ አበባዋን ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አታጣም። ዛፍ ላይ ተጠምጥማ የምትወጣው የአዞ ሐረግ ደግሞ አበባዋ ካለፈ በኋላ ይበልጥ ታምራለች፤ ዘሯ ነጭ ላባ መሰል ጭራ ስላለው ፀሐይ ከጀርባው ስትመታው ሐረጉ ብርሃን ያጠመቁት ይመስላል። በከተማው አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ከ700 ሔክታር በላይ ይዞታ ያለው በመሆኑ እነዚህን የደጋ ዕፅዋት በቦታቸው ለማየት የተመቸ ነው። ለጉብኝት ጠዋት ረፈድ ሲል ይሻላል፤ ውርጩ ተነሥቶ፣ ወፉና ንቡ ሥራ የጀመሩበት ሰዓት ነው።

ወይና ደጋው፦ ዋንዛና ራስ ክምር

ከደጋው ሲወርዱ የወቅቱ ንጉሥ ዋንዛ ነው። በጎጃም፣ በወለጋ፣ በመተከልም በየማሳውና በየደጁ የቆመ ዛፍ ነው። ሰው የሚያውቀው በጣውላው ነው፤ በር፣ ቁም ሳጥንና ከበሮ ይሠራበታል። ዝናቡ ሲያቆም ጀምሮ፣ እንደ ቦታው ከፍታ እየዘገየ እስከ ታኅሣሥ ድረስ፣ ነጭ አበባ ይለብሳል። ብሩስ በጻፈው መጽሐፍ ዝናቡ ሲያበቃ የጎንደር ዋንዛዎች በአንድ ጊዜ ሲያብቡ ከተማዋ ነጭ የለበሰች እንደምትመስል ተርኳል። ስለዚህ ዋንዛ የከተማ ጌጥ መሆኑ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ የተረሳ ልማድ ነው።

ዋንዛን በደንብ ለማየት ግን ወደ ላይ ማንጋጠጥ ብቻ አይበቃም። በማለዳ ከሥሩ ይሂዱ። አበባው ሳይጠወልግ፣ ሙሉውን እንደሆነ ይረግፋል። አንዱን አንሥተው ቢያዩት ተጨምድዶ ከዚያ የተዘረጋ ስስ ወረቀት ይመስላል፤ እንደ መለከት አፉ ሰፋ ያለ ነው። ከሥሩ ያለው መሬት ነጭ ነጠላ እንደተነጠፈበት ይሆናል፤ ላዩ ላይ ያለው ንብ ደግሞ ከሩቅ የሚሰማ ጉምጉምታ አለው። ጥበበኛ አትክልተኛ ከዋንዛ ሥር አግዳሚ ወንበር ያኖራል፤ ያንን ነጭ ንጣፍም እስከ ረፋድ ድረስ ሳይጠርግ ይተወዋል። ብዙ መናፈሻዎች ላይ ግን መጥረጊያው ከጎብኚው ቀድሞ ይደርሳል።

ከዋንዛው ጥላ ወጣ ሲሉ፣ ፀሐይ በሚመታው ዳር ላይ ራስ ክምር ይቆማል። ስሙ መልኩን ይናገራል። ቀጥ ያለው ዘንግ በየአንጓው ክብ ኳስ አለው፤ ከየኳሱ ዙሪያ ብርቱካናማ አበባ ይወጣል፤ በላዩ ሌላ ኳስ፣ በዚያም ላይ ሌላ ይከመርበታል። የታችኛው ሲደርቅ የላይኛው ያብባል። ስለዚህ በአንድ ዘንግ ላይ ያለፈውም የአሁኑም የሚመጣውም አብሮ ይታያል። ሁሉም ከደረቀ በኋላ እንኳ ቡናማው ክምር ቆሞ ስለሚቀር ዓይን አይሰለቸውም። ማጠጣት አያስፈልገውም፤ ገደልና መንገድ ዳር በራሱ የሚበቅል ነው። እንደ ኮሸሽሌ ሁሉ የማር መጣጭ ወፎች ማዕድ ነው። ልጆች አበባውን ነቅለው ከሥሩ ያለውን ጣፋጭ ጠብታ ይመጡታል።

በዚሁ ከፍታ እንሶስላም አለች። የዚህች ተክል ሥር ተወቅጦ እጅና እግር ለማቅላት ሴቶች ሲጠቀሙበት ኖረዋል። አበባዋ ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ላይ ሐምራዊ ጭረት አለው። እርጥብና ጥላ ትወዳለች። ክረምቱን አብባ መፀው ሲገፋ ግንዷ ይከስማል፤ ሥሯ ከመሬት በታች ይተኛል። መናፈሻ ውስጥ የት እንዳለች ምልክት ካልተደረገላት በበጋ የሚቆፍር ሰው ሳያውቅ ይቆራርጣታል።

ቆላው፦ ዕጣን፣ ሽመልና ሰንበሌጥ

አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ዓባይ ሲወረድ ዛፉ ሁሉ ጠባዩ ይለወጣል፤ ደረቁ ወቅት ሲገባ ቅጠሉን እየጣለ ይራቆታል። የአውሮፓ ዛፍ ቅጠሉን የሚያራግፈው ብርዱን ሸሽቶ ነው፤ የመተከልና የአሶሳ ዛፍ የሚያራግፈው ጥሙን ሸሽቶ ነው። ውጤቱ አንድ ዓይነት ይመስላል። ቅጠሉ ይቀላል፣ ይነጣል፣ ይረግፋል፤ ግንድና ቅርንጫፍ ይገለጣል። ስለዚህ ለቆላ መናፈሻ የሚመረጠው ዛፍ ራቁቱን ሲሆን የሚያምር መሆን አለበት።

የዕጣን ዛፍ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ቅርፊቱ እንደ ቀጭን ወረቀት እየተላጠ ይንጠለጠላል፤ የማታ ፀሐይ ሲያልፍበት ወርቃማ ቀለም ይይዛል። ቅጠሉን ጥሎ ራቁቱን በቆመበት በደረቁ ወቅት ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ነጭና ሮዝ የሆነ አበባ ያወጣል። ድንጋያማ፣ ሌላ ነገር የማይበቅልበት ተዳፋት ይበቃዋል። ዓለም የሚያውቀው ጢሱን ነው፤ ዛፉን ግን ብዙ ከተሜ በዓይኑ አላየውም። በቤተ ክርስቲያንም በቡና ሥነ ሥርዓትም ዕጣን የሚያጨስ አገር በአንድ ከተማ መናፈሻ ውስጥ ዛፉን ከነስሙ ቢያሳይ ለልጆች ትልቅ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላ መለያ ሽመል ነው፤ የቆላው ቀርከሃ። ኢትዮጵያ በተፈጥሮ የሚበቅሉ ሁለት የቀርከሃ ዝርያዎች አሏት፤ አንዱ የደጋ ነው፣ ውስጡ ባዶ የሆነው። የቆላው ግን ግንዱ ድፍን ለመሆን የቀረበ ጠንካራ ነው። ከአገሪቱ ቀርከሃ አብዛኛው የቆላው ሲሆን ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዋና መኖሪያው ነው። ቤት ይሠራበታል፣ አጥር ይሆናል፣ ለጋ ቡቃያው ይበላል። ለጌጥ ሲታይ ደግሞ ከሥሩ ተነሥቶ እንደ ምንጭ ወደ ውጭ የሚረጨው ቅርጹ፣ ነፋስ ሲነካው የሚያሰማው ድምፅ ሌላ ተክል የለውም። አንድ ጠባዩ ግን ሊታወቅ ይገባል። ለአሥርት ዓመታት ሳያብብ ይኖርና አንድ ጊዜ በጅምላ አብቦ ይሞታል። ሽመሉ ያበበበት ጊዜ መናፈሻው በዓል የሚያደርግበት ሳይሆን ዘር የሚለቅምበት ነው።

ከሁሉ በላይ በኅዳር ቆላውን የሚገዛው ግን ሣሩ ነው። ሰንበሌጥ ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል፤ ሲደርቅ ወርቃማ ሆኖ ወደ ቀይ ያደላል። ነፋስ ሲመጣ ተራራው ሁሉ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ገበሬ ለጣራ ክዳን ያጭደዋል። ባለፉት አሥርት ዓመታት የአውሮፓና የአሜሪካ የመናፈሻ ንድፍ አውጪዎች ረጃጅም ሣርን የመፀው ወራቸው ዋና ጌጥ አድርገውታል። ሣሩ ከደረቀ በኋላ ሳይታጨድ ቆሞ ውርጭ ሲይዘው ማሳየት ሙያ ሆኗል። ከሚተክሏቸው ሣሮች አንዱ፣ ነጭ የጥጥ ጭራ የመሰለ ዘለላ ያለው፣ የኢትዮጵያና የጎረቤቶቿ ተወላጅ ነው። እዚህ የከብት መኖ፣ እዚያ በገንዘብ የሚገዛ ጌጥ ሆኖ ይኖራል። በቆላ መናፈሻ ሰንበሌጥን ለመትከል ግን አንድ ሥርዓት የግድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የሣር እሳት የሚነሣበት አገር ስለሆነ፣ ከመንገድና ከቤት ርቆ፣ ዙሪያው ተጠርጎ፣ በየመደቡ ተለያይቶ መተከል አለበት።

እንግዶቹ

ከሩቅ አገር መጥተው ቤተኛ ከሆኑት የኅዳርና የታኅሣሥ ጌጦች ግንባር ቀደሟ የገና አበባ የሚሏት ፖይንሴቲያ ናት። አገሯ ሜክሲኮ ነው። ቀይ የሆነው አበባ የሚመስለው ነገር በእርግጥ ቅጠል ነው፤ እውነተኛው አበባ መሃሉ ላይ ያለው ትንሿ ቢጫ ነገር ናት። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ይወጣዋል፤ ቆዳ ሊያሳክክ ስለሚችል በእጅ ጓንት መያዝ ይሻላል።

የቀኑን ርዝመት ከሚቆጥሩት ተክሎች አንዷ እሷ ናት። ሌሊቱ ከ12 ሰዓት ሲረዝም፣ ማለትም ከመስከረም ማጋመሻ በኋላ፣ ማቅላት ትጀምራለች፤ በኅዳር መጨረሻ ደምቃ ትታያለች። ሌሊቱ ግን ጨለማ መሆን አለበት። መንገድ መብራት ሥር የተተከለች ፖይንሴቲያ ካገኙ ልብ ብለው ይመልከቷት። ብርሃኑ ሌሊቱን ሙሉ የሚያርፍበት ወገን አረንጓዴ ሆኖ ሲቀር ጨለማ ያገኘው ወገን ሊቀላ ይችላል። ተክሏ ለመብራቱ ወገን ሌሊቱ አልመሸም ማለት ነው። የኮሪደር ልማቱ መብራትና አበባ በአንድ ዳር ጎን ለጎን ባቆመበት በዚህ ዘመን ይህች ትንሽ እውቀት የብዙ ችግኝ ድካም ታድናለች። የገና አበባን ከመብራቱ ራቅ አድርጎ መትከል ነው። የሚገርመው ደግሞ፣ አውሮፓውያን ለገናቸው በማሰሮ ከሚገዟት ፖይንሴቲያ ከፊሉ ጉዞውን የሚጀምረው በቆቃ አካባቢ ካሉ እርሻዎች፣ ተቆርጦ በአውሮፕላን በሚላክ ቀንበጥ ነው።

ቦገንቪላም እንዲሁ ናት፤ ደማቁ ነገር ቅጠል፣ አበባው መሃሉ ያለው ትንሽ ነጭ ነው። አገሯ ደቡብ አሜሪካ ነው። ለማበብ ጥም ትፈልጋለች። «አልደምቅ አለችኝ» ብሎ ውኃ የሚጨምር ሰው ቅጠል ብቻ ይሰበስባል። ውኃውን ሲቀንስላት ትደምቃለች። ሁለቱም እንግዶች ውርጭ ይጠላሉ፤ አሶሳና ባሕር ዳር ይመቻቸዋል፣ እንጦጦ አናት ላይ ግን ይቆረፍዳሉ።

እንግዳ ሁሉ ግን ደህና እንግዳ አይደለም። የወፍ ቆሎ የሚሏት ላንታና ለአጥር ጌጥ ተብላ ከአሜሪካ ቆላዎች መጥታ ፍሬዋን ወፍ እየዘራላት ግጦሹን ወርራለች። ከዚህ የባሰው ምሳሌ እምቦጭ ነው። ሐምራዊ አበባው ስለሚያምር በብዙ አገር ለኩሬ ጌጥ የተወሰደ ተክል ነበር፤ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በጣና ላይ ምን እንዳደረገ አገር ያውቃል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ፣ ጎጃምን ዞሮ፣ በመተከል ጉባ ላይ ንጋት ሐይቅ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በዚህ ክልል ለመናፈሻ ኩሬ የሚመረጥ የውኃ ተክል ሁሉ በጥርጣሬ መታየት አለበት። ከኩሬ የሚወጣ ጎርፍ መጨረሻው የት እንደሆነ ይታወቃል።

የእኛዎቹ በሰው አገር

በመፀው ማብቂያ የእንግሊዝን መናፈሻ የሚጎበኝ ኢትዮጵያዊ ያልጠበቀውን ዘመድ ያገኛል። እንሰት ነው። እ.ኤ.አ. በ1853 በምጽዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል የእንሰት ዘር ወደ ኪው የዕፅዋት መናፈሻ ልኮ ነበር። ዛሬ ቅጠሉ ቀይ የሆነው ዓይነት በየከተማው አደባባይ ለጌጥ ይተከላል። ውርጭ ከመምጣቱ በፊት አትክልተኞች ከነሥሩ ነቅለው ወደ መስታወት ቤት ያስገቡታል፤ ሲሞቅ መልሰው ያወጡታል። ለጉራጌና ለሲዳማ ገበሬ ምግብ የሆነ ተክል እንደ ሕፃን ታቅፎ ሲገባና ሲወጣ ማየት ፈገግ ያሰኛል።

«የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ» የምትባለው ነጭ አበባም፣ መሃሏ ጥቁር ወይን ጠጅ ያለባት፣ በዓለም ገበያ ሽንኩርት መሰል ሥሯ በከረጢት ታሽጎ ይሸጣል። እንሶስላም ጥላ ለሚበዛበት መናፈሻ ተፈላጊ ሆናለች። እነዚህ ዕፅዋት ለጌጥ ብቁ መሆናቸውን ሌላው አስቀድሞ ፈርዶላቸዋል።

አያያዙ

የመፀው ማብቂያ መናፈሻ ምሥጢሩ መጥረጊያውንና ማጭዱን መግታት ነው። ሁለት ነገር ብቻ እንይ።

የመጀመሪያው አደይ ናት። የአንድ ዓመት ተክል ስለሆነች የሚቀጥለው መስከረም አበባ ዘንድሮ በሚረግፈው ዘር ላይ ያርፋል። አበባዋ እንዳለፈ፣ ዘሯ ሳይደርቅ፣ በጥቅምት መስኩን የሚያጭድ መናፈሻ በሚቀጥለው ዓመት አደይ ጠፋችብኝ ብሎ ቢያዝን ጥፋቱ የራሱ ነው። የደረቀው ራስ እስከ ኅዳር መጨረሻ ይቆይ፤ ዘሩ ይራገፍ፤ ከፊሉም በከረጢት ተለቅሞ ለክረምቱ ይቀመጥ። ከዚያ ይታጨድ።

ሁለተኛው የረገፈ ቅጠል ነው። ኅዳር 12 ቀን አዲስ አበባ በጢስ ትሸፈናለች። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የብዙ ሰው ሕይወት ከቀጠፈ ወዲህ በየዓመቱ ቆሻሻ ጠርጎ ማቃጠል ልማድ ሆኗል፤ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ይኸው ነው። ቆሻሻውን ማስወገድ መልካም ነው። አብሮ የሚቃጠለው የዛፍ ቅጠል ግን ቆሻሻ አይደለም። በዛፍ ሥር ቢጎዘጎዝ አፈሩ እርጥበቱን ይዞ በጋውን ያሻግራል፤ ጉድጓድ ውስጥ ቢከመር ለሰኔ ችግኝ ብስባሽ ይሆናል። የክረምቱን ውኃ ጠብቆ ማቆየት በጎማ ከማጠጣት ይቀላል።

አተካከሉን በተመለከተ ትንሿ ከተማ ብዙ ገንዘብ አያስፈልጋትም። በር ላይ ዋንዛና ከሥሩ አግዳሚ፤ ፀሐይ በሚወጣበት አቅጣጫ ራስ ክምር፤ ሰው እንዳይረግጠው በሚፈለገው ዳር ኮሸሽሌ፤ አጥሩ ላይ ቀጋና የአዞ ሐረግ፤ ድንጋያማው ላይ እሬትና ከፍታው ከፈቀደ የዕጣን ዛፍ፤ በአንድ ጥግ የሽመል ቁጥቋጦ። እያንዳንዱ አጠገብ ስሙ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ፣ በሺናሻውም በጉሙዙም በበርታውም፣ ተጽፎ ቢቆም መናፈሻው ትምህርት ቤትም ይሆናል።

የወምበራዋ ደብረ ዘይት ደግሞ አንድ ዛፍ በስሟ ይዛለች። ደብረ ዘይት የወይራ ተራራ ማለት ነው። የእኛ ወይራ ዘይቱ ባይጨመቅም የዚያው የወይራ ዘመድ ነው። በእኩለ ቀን ከሥሩ ቆሞ ወደ ላይ ያየ ሰው ቅጠሉ ከላይ አብለጭላጭ አረንጓዴ፣ ከጀርባው ወርቃማ ቡናማ መሆኑን ያያል፤ ነፋስ ሲገለብጠው ዛፉ ቀለሙን ይለዋውጣል። ቅጠሉን በጋ አያራግፈውም። እንጨቱን እናቶች የወተት ዕቃ ያጥኑበታል። አበባው ደቃቅ ስለሆነ ለመስከረም ምርቃት የሚመረጥ ዛፍ አይደለም። በኅዳር፣ ሌላው ሁሉ ሲጠወልግ፣ መንገደኛው የሚያርፈው ግን ከእሱ ሥር ነው።